ማነው የተሸጠው? ስለ ግሪን ዴይ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከረመ። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንዱ ጓደኛዬማ «የምትሟገትላቸውን ልጆች አፈር አበላልህ» የሚል ጨምሮበታል።

ጽሑፉ ስለ ግሪን ዴይ ነው። እኔ አሁን ከምኖርባት ከካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ብዙም ሳይርቁ ያደጉ፣ ከአንዲት የበርክሌይ አዳራሽ ተነስተው ዓለምን ያዳረሱ የፓንክ ሮክ ልጆች፤ ፓንክ ማለት ያ ፈጣን፣ ጥሬና አመፀኛ የሮክ ዓይነት ነው። የጸሐፊው ፍርድ ደግሞ አጭር ነው፤ ልጆቹ ሆድ አደር ናቸው። ከጓዳ ወደ አደባባይ የወጡት ራሳቸውን ሸጠው ነው።

ጽሑፉ በደንብ ተጽፏል፤ እሱን አልክድም። አማርኛው ይጥማል፣ ንዴቱም ከልብ ነው። ግን ተሳስቷል። አንዳንድ ቦታ ትንሽ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ በጣም።

ያላለውን አለ እንዳልል መጀመሪያ የሚለውን ላስቀምጥ። ፓንክ ማለት ትልልቅ ኩባንያ ደጅ አለመጥናት ነው፤ ስለዚህ ግሪን ዴይ በ1993 በግዙፉ የሙዚቃ ኩባንያ በዋርነር ጥላ ሥር ካለው ከሪፕራይዝ ጋር ሲፈርም ፓንክነቱ አበቃ። ዝናውንም የሠራላቸው ኩባንያው ነው እንጂ እነሱ አይደሉም። ድምፃቸው ለሬዲዮ እንዲመች ተለሳልሷል። ያሳደጋቸውን አዳራሽ ገድለው ሄዱ። መጨረሻቸውም በኒው ዮርኩ የትያትር ሰፈር ብሮድዌይ ላይ ትያትር መሆን ነው፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል ይላል። መዝጊያው ላይ ለወጣት ሙዚቀኞች ምክር ቢጤ አለው፤ ከመፈረም መራብ ይሻላል የሚል።

እሺ። አንድ በአንድ እንየው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ፓንክና ኩባንያ ዓይንና ናጫ ናቸው የሚለው ለጆሮ ይጥማል። ታሪኩ ግን እንዲያ አይልም። የእንግሊዙ የፓንክ ባንድ ሴክስ ፒስቶልስ የመጀመሪያ ዘፈኑን በ1976 ያወጣው በማን በኩል ነው? በኢኤምአይ። ከእንግሊዝ ግዙፍ የሙዚቃ ኩባንያዎች አንዱ ነበር። ሌላው የእንግሊዝ የፓንክ ባንድ ክላሽ በጥር 1977 ለሌላ ግዙፍ ኩባንያ፣ ለሲቢኤስ ፈረመ። የተወራው ገንዘብ 100,000 ፓውንድ ነው፤ ለዚያ ዘመን ቀልድ አይደለም። ያኔም የተቆጣ ሰው አልጠፋም። ስኒፊን ግሉ የምትባል፣ እቤት ተዘጋጅታ የምትባዛ የፓንክ መጽሔት ነበረች፤ አዘጋጇ ማርክ ፔሪ ክላሽ ለሲቢኤስ የፈረመ ቀን ፓንክ ሞተ ብሎ ፈረደ። የግሪን ዴዩ ዘፋኝ ቢሊ ጆ አርምስትሮንግ ያን ጊዜ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ታዲያ ፓንክ በ1977 ሞቶ ከተቀበረ፣ በ1993 የተገደለው ማነው? ክላሽ ደግሞ ያን ለንደን ኮሊንግ የሚባለውን አልበም ያወጣው ከፈረመ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በዚያው በሲቢኤስ በኩል ነው። ጽሑፉ ውስጥ ክላሽ «እውነተኛ ፓንክ» ተብሎ ተሞግሷል። ለእንግሊዞቹ አንድ ሚዛን፣ ለካሊፎርኒያዎቹ ሌላ ሚዛን እንዴት ይሆናል?

እዚህ ላይ የምሰጠው ነገር ግን አለ። ሁሉን በራሴ እጅ የሚለው የፓንክ ወገን ተረት አይደለም። ባዝኮክስ የሚባሉት የእንግሊዝ ልጆች በ1977 መጀመሪያ ላይ ገንዘብ ተበድረው የራሳቸውን ሸክላ ራሳቸው አሳትመዋል። የዋሽንግተኖቹ ፉጋዚዎች ደግሞ ዲስኮርድ ከሚባለው ከራሳቸው አሳታሚ ሳይወጡ፣ ትኬታቸውን አምስት ዶላር አካባቢ ይዘው ዘመናቸውን ጨረሱ። ባርኔጣዬን አነሳላቸዋለሁ። ጸሐፊው «ፉጋዚ የመረጠው መንገድ ይበልጥብኛል» ቢል ኖሮ ምን አከራከረን? እሱ ግን አንዱን ጎዳና ይዞ ሌላው መንገድ አይደለም ነው ያለው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ኩባንያው ነው የሠራቸው» የሚለው። እዚህ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ጽሑፉ ውስጥ በጣም ያናደደኝ እሱ ነው።

ቢሊ ጆ ያደገው ሮዲዮ ነው። ሮዲዮ የነዳጅ ማጣሪያ ያለባት ትንሽ ከተማ ናት። ከኦክላንድ ወደ ሰሜን በመኪና ሲኬድ ታንከሮቹና ጭስ ማውጫዎቹ ከመንገድ ይታያሉ። አባቱ ከባድ መኪና ነጂ ነበር፤ ጃዝም ይጫወት ነበር። ልጁ አሥር ዓመቱ ላይ በካንሰር ሞተ። እናቱ አስተናጋጅ ነበረች። በ1987 ልጆቹ ገና የአሥራ አምስት ዓመት ሆነው፣ ያኔ ስዊት ችልድረን በሚል ስም፣ የመጀመሪያውን መድረክ ያገኙት የት ይመስላችኋል? ቫሌሆ ውስጥ፣ እናትየዋ በምትሠራበት ጥብስ ቤት። ምግብ የሚበላ ሰው ፊት። የትኛው ኩባንያ ነው ያን ያዘጋጀላቸው?

ከዚያ ስማቸውን ቀይረው በ1990 የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ፣ ሉክአውት በሚባል ትንሽ አሳታሚ። የሉክአውት ባለቤት ላሪ ሊቨርሞር ራሱ የባንድ ሰው ነው። በኋላ የግሪን ዴይ ድራመር የሆነው ትሬ ኩል በ12 ዓመቱ የሱ ባንድ ውስጥ ነበር ከበሮ የሚመታው። ቢሊ ጆ 18 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው ትምህርቱን አቋረጠ። በዚያው ዓመት ክረምት በቫን ተጭነው አሜሪካን ዞሩ። ከዓመት በኋላ አውሮፓን። በኋላ ደግሞ የትሬ አባት አንድ የድሮ ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት መኪና አድሰውላቸው፣ ራሳቸው መሪውን ይዘው ልጆቹን ከከተማ ከተማ ያዞሩ ነበር። አስቡት፤ መጻሕፍት የተደረደሩበት ቦታ ላይ ጊታርና የተኛ ድራመር። ሁለተኛው አልበም ከርፕላንክ ሲወጣ በመጀመሪያው ቀን 10,000 ኮፒ ሄደ። ለሉክአውት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ይኼ ሁሉ ሲሆን ሪፕራይዝ የሚባል ስም በመካከሉ የለም። ኩባንያው በ1993 ሲመጣ የመጣው የበሰለ ጤፍ ለማጨድ ነው።

«ግን ያለ ዋርነር 20 ሚሊዮን አይሸጥም ነበር» ይባል ይሆናል። ልክ ነው፤ የስርጭቱ ጉልበት የዋርነር ነው፣ የሙዚቃ ቴሌቪዥኑ ኤምቲቪም ረድቷል፣ ይኼን እሰጣለሁ። ለሪፕራይዝ የሠሩት የመጀመሪያው አልበም ዱኪ በየካቲት 1994 ወጥቶ አሜሪካ ውስጥ ብቻ 20 ሚሊዮን ማለፉ ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2024 ነው በይፋ የተመዘገበለት። እንዲህ ያለ ቁጥር በቫን አይደረስም። ሆኖም ኩባንያ ዝናን ከምንም ይሠራል ወይ ነው ጥያቄው፤ ለዚህ ሁለት ምስክር አለኝ።

አንደኛው ጆብሬከር ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ባንድ፣ በዚያው ሰፈር የሚወደድ። «አንፈርምም» ሲሉ ቆይተው ለዲጂሲ ፈረሙ፤ ዲጂሲ ማለት ዝነኛውን የሮክ ባንድ ኒርቫናን ያወጣው ትልቅ ኩባንያ ነው። የኩባንያ ገንዘብ አገኙ፣ በ1995 አልበም አወጡ። የድሮ አድማጮቻቸው ፊት አዞሩባቸው፣ አዲስ አድማጭም እንደታሰበው አልመጣም፣ በ1996 ተበተኑ። ሁለተኛው ኦፍስፕሪንግ የሚባለው የፓንክ ባንድ ነው። እነዚህ ዱኪ በወጣ በሁለት ወሩ ስማሽ የሚባል አልበም አወጡ፣ ኤፒታፍ በሚባል ከትልልቆቹ በማንም ባልተያዘ አሳታሚ፣ እና በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ገደማ ሸጡ። እንግዲህ ኩባንያ የያዘው ወድቆ ኩባንያ ያልያዘው ከበረ። ታዲያ ዝናን የሚሠራው ኩባንያ ነው የሚለው ቀመር ምኑ ላይ ይቆማል?

ዉድስቶክ 94 የሚባለውን ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫልም ጸሐፊው «የማስታወቂያ ድራማ» ብሎታል። የሆነውን ልንገራችሁ። ነሐሴ 1994፣ ኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ዝናብ ዘንቦ ሜዳው ጭቃ ሆኗል። ሕዝቡ ጭቃ መወርወር ጀመረ። ቢሊ ጆ መልሶ ወረወረ። መድረኩ ጭቃ በጭቃ ሆነ፣ ሰውም እየዘለለ ወጣ። መጨረሻ ላይ ጥበቃው የባንዱን ቤዝ ተጫዋች ማይክ ደርንትን በጭቃ ስለተለወሰ ከሕዝቡ አንዱ መስሎት ተጠመጠመበት፣ ማይክም ጥርሱ ተጎዳ። የራሱን ቤዝ ተጫዋች ጥርስ አሰብሮ ማስታወቂያ የሚሠራ ኩባንያ ካለ እኔ አላየሁም።

«ድምፃቸው ተለሳለሰ» ወደሚለው። ይኼ ለመመርመር ቀላል ነው፣ ምክንያቱም ልጆቹ ራሳቸው ፈተናውን አዘጋጅተው ትተውልናል። ዌልካም ቱ ፓራዳይዝ የሚባለው ዘፈን ሁለት ጊዜ ተቀድቷል፤ አንዴ ለሉክአውት ከርፕላንክ ላይ፣ አንዴ ለሪፕራይዝ ዱኪ ላይ። ዘፈኑ ከእናት ቤት ወጥቶ በዌስት ኦክላንድ አይጥ የሚርመሰመስበት መጋዘን ውስጥ ስለመኖር ነው። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ። ሁለተኛው ላይ ጊታሩ ወፍሯል፣ ከበሮው ጠርቷል፣ ድምፁ ከፊት መጥቷል። ፕሮዲውሰሩ ሮብ ካቫሎ ሥራውን ያውቃል። ዜማው ግን ያው ነው፣ ፍጥነቱም ያው፣ ያ መሀል ላይ ያለው የሚያጉረመርም የቤዝና የጊታር ጉዞም ያው። የተለወጠው ማይክራፎኑ ነው ብል አልዋሸሁም። የቀዱትም ሆሊዉድ ሄደው አይደለም፤ እዚያው በርክሌይ፣ ፋንታሲ ስቱዲዮ ነው።

ደግሞስ ለስላሳነቱ ከየት የመጣ አዲስ ነገር ነው? የ1990ው አልበማቸው አብዛኛው የፍቅር ዘፈን ነው። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ስለ አንዲት ልጅ እንቅልፍ አጥቶ ሲያለቃቅስ። ከመጀመሪያው ዜመኞች ነበሩ። የፖፕ ዜማ መውደድ ወንጀል ከሆነ ወንጀሉ የተፈጸመው ገና ሉክአውት ቤት ነው። የአልበሙ ስም ዱኪ መሆኑስ? በልጆች ቋንቋ ዓይነ ምድር ማለት ነው። ለገበያ የተኳኳለ ዕቃ እንዲህ ተብሎ አይሰየምም። ሽፋኑን የሣለውም የኩባንያ ዲዛይነር ሳይሆን ሪቺ ቡቸር የሚባል የዚያው የበርክሌይ ፓንክ ሰፈር ሰው ነው። ዝናው ጣሪያ በነካበት በ1994 ደግሞ መድረክ እንዲከፍትላቸው ይዘውት የዞሩት ፓንሲ ዲቪዥንን ነው፤ የሉክአውት ባንድ፣ ስለ ተመሳሳይ ፆታ ፍቅር በግልጽ የሚዘፍን። በዚያ ዘመን እነሱን የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ፊት ማቆም ለሽያጭ ይጠቅማል የሚል ነጋዴ ያለ አይመስለኝም።

ቀጥሎ ጊልማን። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ትክክል ነው፣ ግማሹን ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

924 ጊልማን ጎዳና፣ በርክሌይ። በ1986 የመጨረሻ ቀን የተከፈተ፣ በጎ ፈቃደኞች የሚያስተዳድሩት፣ ለወጣት ልጆች የሚሆን አዳራሽ ነው። አንድ ቅዳሜ የሥራ ባልደረባዬ ይዞኝ ሄዶ አይቼዋለሁ። ከውጭ ሲታይ የጋራዥ ሰፈር ውስጥ ያለ የሸክላ ጡብ ቤት ነው፤ ሰው ካልነገራችሁ ታልፉታላችሁ። በር ላይ አንዲት ልጅ የአባልነት ካርድ ሸጠችልኝ፤ ከግንቡ ላይ ሕጉ በትልቁ ተጽፏል፤ መጠጥ የለም፣ ዕፅ የለም፣ ጠብ የለም፣ ዘረኝነት የለም፣ ሴት ማንቋሸሽ የለም። ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ የተሞነጫጨረ ነው። ቢራ የለም፤ ላብ ግን አለ። ድምፁ ለሁለት ቀን ጆሮዬ ውስጥ ቆየ። ከልጆቹ ጋር ሲነጻጸር እኔ ሽማግሌ ነበርኩ፣ ግን ማንም ምን ልትሠራ መጣህ አላለኝም። ወደድኩት።

እዚያ ቤት ያኔ አንድ ሕግ ነበር፤ ከትልልቅ ኩባንያ ጋር የፈረመ ባንድ አይጫወትም የሚል። ግሪን ዴይ ሲፈርም በሩ ተዘጋበት። ጸሐፊው ቤቱ ልክ ነበር ይላል፤ እኔም ልክ ነበር እላለሁ። ሕግ ሕግ ነው፣ ለወዳጅ ተብሎ አይታጠፍም። የተሰማቸው ቅሬታም የምር ነበር። ትናንት አብሮህ ወለል ሲጠርግ የነበረ ልጅ ዛሬ ቴሌቪዥን ላይ ሲታይ፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ሕጉን የማያውቅ እንግዳ ጎረምሳ ቤትህን ሲሞላው ቅር ማለት የሰው ነው። ልጆቹም ቅር ብሏቸዋል፤ በ1995ቱ አልበማቸው ላይ ያ በር ስለመዘጋቱ ዘፍነዋል።

«ገደሉት» ማለት ግን ሌላ ነው። አንደኛ፣ አዳራሹ አለ። እኔ የገባሁት ሬሳ ቤት አልነበረም። ሁለተኛ፣ አዳራሹ በእርግጥ የተዘጋበት ጊዜ ነበር፤ 1988 ነው። ያቋቋመው የማክሲመም ሮክንሮል መጽሔት ቡድን አቅቶት ለቀቀው፣ በጎ ፈቃደኞች ተረከቡና እንደገና ከፈቱት። ያኔ ግሪን ዴይ ገና ግሪን ዴይ ተብሎ አልተጠራም።

ሦስተኛውን ጽሑፉ ጭራሽ አላነሳውም። በ1994 ግንቦት ጄሎ ቢያፍራ እዚያው ጊልማን ውስጥ ተደበደበ፣ እግሩ ተሰበረ። ደብዳቢዎቹ የተሸጠ የሮክ ኮከብ እያሉ ነበር የሚጮሁበት። ቢያፍራ ማነው? ዴድ ኬኔዲስ የሚባለው የፓንክ ባንድ ዘፋኝ የነበረ፣ አልተርናቲቭ ቴንታክልስ የሚባል ነፃ አሳታሚ ይዞ ዕድሜውን የገፋ፣ ለትልቅ ኩባንያ ያልፈረመ ሰው። ጥፋቱ የአዳራሹ አይደለም፤ ጠብ የለም የሚል ሕግ ያለበት ቤት ነው። ግን «ማን ንጹሕ ነው፣ ማን ተሸጠ» የሚለው ምርመራ አንዴ ከተጀመረ ዱላው ያልፈረመውም ጋ ይደርሳል። ጸሐፊው ያን ንጽሕና ሲያወድስ ይኼን ቢጨምርበት ጥሩ ነበር።

«ከመፈረም መራብ ይሻላል» የሚለው ምክር ላይም አንድ ነገር ልበል። ጽሑፉ ትንሹን አሳታሚ መልአክ፣ ትልቁን ሰይጣን አድርጎ ነው የሣለው። ግሪን ዴይ ከሄደ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አልበሞች ለሉክአውት ትቶለት ነበር። ዱኪን የወደደ ሁሉ የድሮዎቹን ሲፈልግ ሉክአውት ቤት ገንዘብ ጎረፈ። ሊቨርሞር በ1997 ሥራውን ለሌሎች ትቶ ወጣ። በ2005 ግን ግሪን ዴይ አልበሞቹን መልሶ ወሰደ። ምክንያቱ? ተገቢው ክፍያ ስላልተከፈለው። ሌሎችም ባንዶች ተከተሉ፣ ሉክአውት ተዳከመ፣ በ2012 ተዘጋ። ሉክአውትን ለመውቀስ አይደለም፤ ያለ እሱ ይኼ ታሪክ የለም። ግን ለወጣት ሙዚቀኛ ምክር የምንሰጥ ከሆነ የሚረባው «ትልቅ ነው ትንሽ?» ከማለት «ውሉ ላይ ምን ተጽፏል? ገንዘቡስ ይደርሰኛል?» ማለት ነው። መራብን የሚመክር ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በልቶ ነው የሚጽፈው። ይቅርታ፣ ይቺ ትንሽ ከረረች።

ብሮድዌይን በተመለከተ ብዙ አልልም። አሜሪካን ኢዲየት በ2004፣ አሜሪካ ኢራቅ ውስጥ እየተዋጋች ባለችበት፣ ቡሽ ለሁለተኛ ጊዜ ሊመረጥ ወር ተኩል ሲቀረው የወጣ አልበም ነው። ብዙ ሬዲዮ ጣቢያ ስለ ጦርነቱ ትንፍሽ ማለት በሚፈራበት ጊዜ ማለት ነው። በ2010 ትያትር ሆኖ ብሮድዌይ ደረሰ። ትያትሩን እኔም አልወደድኩትም፤ ዘፈኖቹ እዚያ ላይ በጣም ታጥበው ተተኩሰው ቀረቡብኝ። ግን የ2010ን ትያትር ለ1993 ፊርማ ማስረጃ ማድረግ፣ የልጅ ልጁን አይቶ አያቱን እንደመክሰስ ነው።

ጽሑፉ የሚያበቃው «ወደ ጊልማን ዳግም አልተመለሱም» በሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ጥሩ መዝጊያ ነበር፤ እውነት ቢሆን። በ2015 ኦክላንድ ውስጥ እሳት ተነስቶ ኤኬ ፕሬስ የተባለውን መጽሐፍ አሳታሚና አንድ ማተሚያ ቤት ጎዳ። ግንቦት 17 ቀን ግሪን ዴይ ለእነሱ መርጃ እዚያችው ጡብ ቤት ውስጥ ተጫወተ። በዚያው ዓመት ሮክ ኤንድ ሮል ሆል ኦፍ ፌም የሚባለው የሮክ የክብር መዝገብ ውስጥ የገባ ባንድ፣ ጥቂት መቶ ሰው በሚይዝ አዳራሽ። እኔ በዚያ ምሽት ከጊልማን ጥቂት መንገድ ርቄ ተሳፋሪ እያመላለስኩ ነበር። መንገዱ ለምን እንደተጨናነቀ አልገባኝም፣ ተበሳጭቼ ዞሬ ሄድኩ። ምን እንደነበር የሰማሁት በማግሥቱ ነው። እስከዛሬ ይቆጨኛል።